ለሟች ደንበኛዬ በስሜ «ይመለሱ» እያሉ ስለሚልኩት ኢሜይል

ለኢሜይል መልዕክት አገልግሎት ድርጅት፣ ለደንበኞች እርካታ ክፍል ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለሌሊትዎም የማይቆራረጥ እንቅልፍ እመኛለሁ። በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በግል የላክሁልዎ ሁሉ «ይህ አድራሻ መልስ አይቀበልም» እየተባለ ስለተመለሰብኝ ነውና ይቅርታዎ አይለየኝ።

ያረጀ ሶፋና ወንበር ፈትቼ፣ ሞላውን አጥብቄ፣ ስፖንጁን ለውጬ አዲስ ጨርቅ የማለብስ የአንዲት ጠባብ ሱቅ ባለቤት ነኝ። ቀድሞ ለደንበኞቼ በወር አንድ ጊዜ የምጽፈው ራሴ ነበርኩ። «ላኪልን» ላሉኝ ብቻ እልካለሁ፤ በአንድ ደብዳቤም አንድ ጉዳይ ብቻ አነሳለሁ፤ ዘይት የነካው ጨርቅ በምን እንደሚጸዳ፣ ድመት የቧጨረው መደገፊያ እንዴት እንደሚሰፋ። ርዕሱ ውስጡ ካለው የተለየ ነገር አይናገርም ነበር። ሰዎችም አንብበው ይመጡ ነበር። ድርጅትዎ «እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፤ መጻፉን ለእኛ ይተዉት» ሲለኝ ግን፣ ጣቶቼ በመርፌ አልቀው ስለነበር ደስ ብሎኝ አድራሻዎቹን አስረከብኩ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ትጋትዎ። የወሩ ደብዳቤ የየማለዳው ሆነ። «ይፍጠኑ፤ ሶፋዎ ሳያመልጥዎ» የሚለው ርዕስ በወጣ ማግስት አንዲት ደንበኛዬ እያለከለከች ገብታ፣ ለማልበስ የሰጠችኝን ሶፋ ለሌላ ሰው ልሸጥባት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሶፋዋን ዳስሳ እስክታረጋግጥ ድረስ አላመነችኝም።

ሁለተኛ፦ ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ፤ አንዴ የገባን ሰው እንዲወጣ አይፈቅዱምና። «አቁም» የሚለውን ስጫን ወደ ደንበኞች አገልግሎት እንድደውል ይነገረኛል፤ ስደውል ደግሞ አንድ የተቀዳ ድምፅ «አቁም» የሚለውን እንድጫን ይመክረኛል። ውሉን ባፈርስ እንኳ የሱቄ ስምና አድራሻዎቹ እርስዎ ዘንድ እንደሚቀሩ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አገኘሁ። በገዛ ስሜ ታስሬ፣ ለሰው ምን እንዳልኩ እኔም እንደ ደንበኞቼ ጠዋት ጠዋት አነባለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ደንበኛ ነበሩኝ፤ ንግግር ስለማይወዱ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ዝምታ» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም አድራሻቸውን ሲሰጡኝ እየሳቁ በዚሁ ስም አስመዘገቡ። አረፉ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ድርጅትዎ በእኔ ስም «ውድ ጋሽ ዝምታ፣ ዝምታዎ አሳስቦናል፤ አልረፈደም፣ ይመለሱ» ብሎ ጻፈላቸው። በዚያው ሰሞን ወደ እኔ የላኩት ሪፖርትም እሳቸውን «አንድም መልዕክት ሳይከፍቱ የማያልፉ ታማኝ አንባቢ» ብሎ አሞገሰልኝ።

ለካ መልዕክቶቹን በሟቹ ስልክ የሚከፍቱት ባለቤታቸው ነበሩ። ይቅርታ ልጠይቅ፣ የጋሽ ዝምታንም ስም ከዝርዝሩ እንደምንም እንደማስፋቅ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ያለበስኩት ወንበር መስኮቱ ሥር ባዶውን ተቀምጧል። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ «ተይው ልጄ» አሉኝ። «ሰዉ ሁሉ አሁን ‹ሟቹ› ነው የሚላቸው። በስማቸው የሚጠራቸው ይሄ ብቻ ነው የቀረው።» እርስዎ መውጫውን በዘጉት ቤት ውስጥ፣ መውጣት የማይፈልጉ እናት አገኘሁ። «አቁሙልኝ» ብል እሳቸውን ላስከፋ፤ ብተው ደግሞ በእኔ ስም ሙት ሲጠራ ሊኖር። ብዙ ቀን መርፌ ይዤ ጨርቁን ሳልወጋ ቆየሁ።

በመጨረሻ ተመልሼ ሄድኩና አንድ ነገር ለመንኳቸው። ድርጅቱ የሚልከውን ትተው፣ ለጋሽ ዝምታ እኔ ራሴ እንድጽፍ ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያውን ጻፍኩ፦ «ውድ ጋሽ ዝምታ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበርዎ ፀሐይ እየበላው ነውና ባለቤትዎ ትንሽ ወደ ውስጥ ያስጠጉት።» ባለቤታቸው ወንበሩን እንዳስጠጉት፣ አሁን እሳቸው እንደሚቀመጡበትም መልሰው ጻፉልኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ድካም የሚያስፈልገው አንድም ሰው አልቀረም፤ በሩን ይክፈቱልኝ።

ለትዕግሥትዎ ሳይሆን ለትዕግሥቴ እያመሰገንኩ፣ በፈቃዷ ገብታ ያለፈቃዷ የሰነበተች ታዛዥ ደንበኛዎ፤

ሶፋ አልባሿ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በርዎ ላይ ለቆመው ጥበቃ ሰጥቼዋለሁ። የሱቄን ስም ሲያይ «እትዬ፣ የእርስዎ መልዕክት እኮ ለእኔም በየቀኑ ይደርሰኛል፤ ግን መቀመጫ የለኝም» አለኝ። ከድርጅትዎ መልስ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ስለሆነ አንድ በርጩማ አልብሼ ልኬለታለሁ። እባክዎ «አቀማመጥዎን እንዴት አገኙት» ብለው እንዳይጽፉለት።