ባለ ቀንዱ የራስ ቁር

ውድ ኪራኮስ፣

ለቅሶህ ላይ ጉድ ፈላ። ብትኖር ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ለማን ልንገረው ብዬ ሳስብ፣ ያው ላንተው ልጻፍልህ አልኩ።

እህትህ እትዬ ፀሐይነሽ ከዊኒፔግ ገና እንደ ደረሱ ቤታችን ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ወረዱ። ታውቃቸዋለህ፤ በእሳቸው ወግ ወንድ ልጅ ሲሞት ጠመንጃው ወይ ካባው ተይዞ ነው የሚለቀሰው። አንተ የባስ ሹፌር፣ ጠመንጃ ከየት ታመጣለህ? የሰበሰብካቸውን አሮጌ ዕቃዎች የደረደርክበትን መደርደሪያ አዩና ያንን የጥንት የጃፓን ጦረኞች ያደርጉት የነበረ ባለ ቀንድ የብረት የራስ ቁር አንሥተው ለቅሶው አዳራሽ ይዘውት ገቡ። በባዶ እጃቸው! እኔን እንኳ ያለ ጓንት አታስነካኝም ነበር። መሐል ቆመው ከፍ አደረጉትና ሙሾ አወረዱ፦

ቀንዳሙን የብረት ቁር ከጠላት የነጠቀ፣
ወንድሜ ኪራኮስ ስንቱን ያደቀቀ።

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጎረቤታችን ጋሽ ተክለ፣ "ለካ ጀግና ኖሯል! ኮሪያ ዘምቶ ነበር እንዴ?" አሉ። ኮሪያ ሲዘመት አንተ መች ተወለድክና! ጓደኛህ አድማሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ሊቭ ኢት አርያም፣ ምን ቸገረሽ? እንደ ጀግና ይሸኝ። ዛሬ ኮሬክት አታድርጊያቸው" አለኝ።

ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ለቅሶ ላይ ማን ይከራከራል? ግን ደግሞ ተናደድኩ። የሰው ገድል አልብሰው ሲሸኙህ ያንተው ሊቀር ነው። ያን ቁር ፓይንሪጅ ሰፈር ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ ሲሸጥ፣ ጋራዥ ሴል ላይ ከቀለም ቆርቆሮ ሥር ስታወጣው አብሬህ ነበርኩ። ዝገት በልቶት፣ የሐር ማሰሪያውን አይጥ ቦጫጭቃው ነበር። ከሺፍት እየመጣህ በእኔው የፑደር ብሩሽ አቧራውን ስታራግፍለት ስንት ክረምት አለፈ? "የምወደው ጦረኛውን አይደለም፤ ውስጡ ስሙን የቀረጸውን ቀጥቃጭ ነው" ትለኝ ነበር። እኔም "ባሌን የጃፓን ቆብ ቀማኝ" እያልኩ እስቅብህ ነበር።

ተነሣሁ። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይስጡኝ" ብዬ ተቀበልኳቸው።

"ባሌ ማንንም አልገደለም። ይህን ከማንም ራስ ላይ አላወለቀም። ሰው ጋርቤጅ ሊጥለው ሲል ነው ያዳነው" አልኩ።

እትዬ በዓይናቸው ሊውጡኝ ደረሱ። እኔ ሙሾ አውርጄ የማላውቀው፣ ከየት እንደ መጣልኝ እንጃ፦

ገዳይ ሞልቶ የለም ወይ፣ ጥሎ የሚሄድ ሬሳ፤
የኔስ ባል ኪራኮስ የወደቀ አነሣ።

መጀመሪያ ማንም አልተቀበለኝም። ኋላ የተቀበለኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እትዬ ፀሐይነሽ! ደረታቸውን እየደቁ "የወደቀ አነሣ" ሲሉ አዳራሹ ሁሉ ተከተላቸው።

ስንወጣ ጋሽ ተክለ፣ "ልጄ፣ ሌላም ያነሣው ዕቃ ካለ ማየት ይቻላል?" አሉኝ። ካስልሪጅ ያለው ቤታችን ለሰው አልበቃ አለ። እያንዳንዱን ከየት እንዳገኘኸው፣ ምን ሆኖ እንደ ነበረ ነገርኳቸው። ኪራዬ፣ እንዲያ ኮርቼብህ አላውቅም። አንዱንም አልሸጥም።

እህትህም የቤዝመንቱ ደረጃ ሥር ቆመው፣ ለወረደው ሁሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲህ ይሉ ነበር፦ "የወንድሜ ናቸው። አንድም ሰው አልገደለም!"

አፈሩን ገለባ ያድርግልህ።

ሚስትህ፣
አርያም