የእንሽላሊት እንቁላል በፍልሰታ

ነሐሴ 2
ዝናብ። ሰፈራችን ሹም አቦ ጭቃ ብቻ። ልጠግን የሰው ቴሌቪዥን ፈትቼ ቁጭ ብያለሁ። የግድግዳችን እንሽላሊት ከውጭ የመስኮቱ መስታወት ላይ ተለጥፋ ሆዷን አሳየችኝ። ቆዳዋ ስስ ነው፤ ሁለት ነጫጭ ነገሮች ይታያሉ። እንቁላል! ስልኬ ላይ አነበብሁ። የቤት እንሽላሊት ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው የምትጥል። ያለ ወንድ የሚፀንሱ ዓይነቶችም አሉ ይላል። ለእህቴ ለሥርጉት ነገርኋት።
«ተገላግለዋል በላቸው» አለችኝ።
ባሏ ጌትነት እዚያው ነበር... ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ነሐሴ 4
ጣለች! ከመስኮቱ መዝጊያ ጀርባ። ሲወጣ ለስላሳ ነው አሉ፤ ወዲያው ይደርቃል። አንዱ እንጨቱ ላይ ሙጭጭ ብሏል። ሌላው ተላቀቀልኝ። አተር ቢያክል ነው። ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጬ ለሔራን አሳየኋት። የሥርጉት ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ። ዘንድሮ ፍልሰታን መጾም ጀምራለች። ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም አትቀምስም፤ ከዚያ ዛሬም ሽሮ፣ ነገም ሽሮ። እንቁላል በሕልሟ ሳይመጣ አይቀርም።
«አጎቴ፣ ይሄ የፍስክ ነው?»
«የፍስክማ የዶሮ ነው። የእንሽላሊት የጾም ነው።»
«ሂድ! ውሸትህን ነው።»
«ግድግዳ የሚያስወጣቸውስ ምን መሰለሽ? ጾሙ አቅልሏቸው እኮ ነው።»
ዓይኗን አፈጠጠች። አመነችኝ መሰለኝ። እንዴት ያለች ልጅ...

ነሐሴ 5
ቀፎው ባዶ ነው። አይጥ ይሆን?

ነሐሴ 7
አይጥ አይደለም።
ሔራን ከትናንት ጀምሮ ታስመልሳለች። ሆዷም አልቆመላትም። ግንባሯ እሳት ነው። ሥርጉት «ወባ ነው፣ የሰሞኑ ወባ» ትላለች። እኔ ግን ባዶውን ቀፎ አስባለሁ። ሰው እንሽላሊት መርዝ ናት ይላል። ያነበብሁት ደግሞ መርዝ የላትም ይላል። ያነበብሁትን ማመን አቃተኝ። የሰው ቴሌቪዥን እንደ ተፈታ ነው።

ነሐሴ 8
ሐኪም ቤት ገባች። ወባ የለም አሉ። ሐኪሟ ጠየቀች፦ «ምን በልታ ነበር?»
ሥርጉት፦ «ጾመኛ ናት እኮ። ሽሮ፣ ዳቦ፣ ሌላ ምንም።»
አጠገቧ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትሁ... ዘጋሁት። ለምን? ምናልባት አልበላችው ይሆናል ብዬ? ወይስ የሥርጉትን ፊት ፈርቼ?
ግሉኮስ ሲተክሉላት እጇ ላይ ደም ሥር አጡ። ወጥቼ ሸሸሁ። እንዲህ ፈሪ ነበርሁ?

ነሐሴ 9
ጠዋት ሥርጉት መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። ብቻችንን ሆንን።
«ሔሩ፣ ያችን እንቁላል... በላሻት?»
ከንፈሯ ደርቋል። ወደ በሩ አየች።
«ለእማዬ እንዳትነግራት። ገደፍሽ ትለኛለች። ከዚያ አልቆርብም።»
«በላሻት ወይ?»
«አንተ የጾም ነው ብለኸኝ የለ? ነው አይደል፣ አጎቴ?»
ምን ልበላት? አይደለም ብላት ጾሟን አፈረስሁባት። ነው ብላት...
አይደለም አልኋት። አለቀሰች፤ እንባ ግን አልወጣትም። እንባዋ እንኳ ደርቋል! ያን ጊዜ ነው በሩጫ ሐኪሟን ፍለጋ የሄድሁ።
ስነግራት አልሳቀችም። «እንቁላሉ መርዝ አይደለም። ግን እንሽላሊት የሚነካው ነገር ላይ ጀርም ይኖራል፤ ልጅን ክፉኛ ይጥላል። እንመረምራለን። ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ መድኃኒቱን ትናንት በጀመርን ነበር።»
ዞር ስል ሥርጉት መድኃኒቱን እንደያዘች ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች።
«ጋሼ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ትናንት ሽሮ፣ ዳቦ ስል... አጠገቤ ነበርህ እኮ።»
ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 10
ትኩሳቱ አልወረደም። የሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሜያለሁ። ሥርጉት «ግባ» አላለችኝም። እኔም አልገባሁ። አምላኬ፣ ይችን ልጅ...

ነሐሴ 11
ውሃ ጠጣች። አልወጣም፤ ሆዷ ውስጥ ቀረ።

ነሐሴ 16
ቆረበች! እናቷ አዝላ ወሰደቻት። የንስሐ አባታቸው «ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች?» ብለው ሳቁ አሉ። ስለ እኔ ሲሰሙ ግን አልሳቁም።

ነሐሴ 20
ፀሐይ ወጣች። ሔራን በረንዳው ላይ ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣለች። ሥርጉት «ብላ»፣ «ጠጣ» ከማለት በቀር አታናግረኝም። ይገባኛል።
«አጎቴ፣ እንሽላሊት ልጇን ታጠባለች?»
«አታጠባም። እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ልጁ ሲፈለፈል ራሱ አድኖ ይበላል።»
እውነቴን ነው። አንድም ነገር አልጨመርሁበት።
ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ቤት ዞራ ጮኸች፦
«እማዬ! አጎቴ እውነቱን ነው?»
እኔም እንደ ልጅቷ አንገቴን አስግጌ መልሱን ጠበቅሁ።
«እኔ እንጃ» አለች ሥርጉት። «ሐኪሟን እንጠይቃታለን።»