ለእራት ፈተናው እንግዳ፦ ስለ እህቴ ፈገግታ ማነስ

ሆሳዕና፣ የካቲት ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወንዳፈረው
የሴቶች ሙያ ትምህርት ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን፣ በተለይም የሆድዎን ጤንነት፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሆድ ሲታመም ምን እንደሚያደርስ በቤታችን ስላየነው ጥያቄዬ ከልብ ነው። ማቴዎስ ሽብሩ እባላለሁ፤ እዚሁ ሆሳዕና የአሥረኛ ክፍል ተማሪና በዩኒቨርሲቲ የባልትና ትምህርት ስታጠና ቆይታ ባለፈው ኅዳር ያረፈችው የዓለሚቱ ሽብሩ ታናሽ ወንድም ነኝ። ስሟን ባያስታውሱ አይፈረድብዎትም፤ እርስዎ የሚያውቋት ሳህን ስታቀርብልዎ ብቻ ነው።

የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው፣ የሚነቅሉት ሰዎች እንኳ ከመንቀላቸው በፊት እንዲያነቡት ብዬ ነው። ለእነሱም እንዲገባቸው ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። የባልትና ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመት በመለማመጃ ቤት ውስጥ ተራ በተራ እመቤት እየሆኑ ቤት ያስተዳድራሉ፤ ፈተናውም እውነተኛ እንግዶች ጠርቶ እራት ማብላት ነው። እንግዶቹም በልተው ሲያበቁ ነጥብ ይሰጣሉ። የዓለሚቱ ተራ በደረሰ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ቀኝ ጎኗን ይወጋት ነበር። ያን ዕለት አብራት የነበረችውና ለለቅሶ እዚህ ድረስ የመጣችው ጓደኛዋ ትርፌ እንደነገረችን፣ ፈተናው ለሌላ ቀን እንዲተላለፍላት ትርፌ ራሷ ብትለምን፣ የተጋበዙት ትልቅ ሰው ስለሆኑ አይቻልም ተባለች። ትልቁ ሰው እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ምንም ስላልጠየቋት አመሰግናለሁ። ጥብሱን ካቀረበች በኋላ ግንባሯን ላብ አጥምቆት የወንበር መደገፊያ ይዛ ቆመች። እርስዎም ወደ ጎንዎ ዞር ብለው፣ «ገጠር ያደገች ናት፤ የሹካው ብዛት አስደንግጧት ነው» በማለት ገበታውን በሙሉ አሳቁት። ሹካዎቹን አንድ በአንድ የደረደረችው እሷው ራሷ እንደነበረች ግን የሚያስታውስዎ ሰው አልተገኘም።

፪. ስለ ፍርድዎ ትክክለኛነት አመሰግናለሁ። ከበሉ በኋላ ቆመው፣ «ምግቡ ግሩም ነው። አስተናጋጇ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አላለችም፤ አብራንም አልቀመሰችም። ትንሽ ኩራት አየሁባት» አሉ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ቤት አስተናጋጁ ካልቀመሰ እንግዳው እጁን ይሰበስባል። አባቴ አንድ ጊዜ ዳምቦያ ሄዶ ያረፈበት ቤት እመቤት ስላልቀመሰች፣ የቆረሰውን ቆጮ መልሶ አስቀምጦ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ቢላት፣ ለካ ልጇ ጓዳ ውስጥ በትኩሳት ተኝቶ ነበር። አባቴ ጦሙን ወጥቶ ልጁን አዝሎ ሐኪም ቤት አደረሰው። ይህን የምነግርዎ ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም፤ እንግዳ እንደማይፈተን አውቃለሁ።

፫. እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ዓለሚቱ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ሐኪሞቹ ትርፍ አንጀቷ መፈንዳቱንና ዘግይታ መምጣቷን ተናገሩ። አስከሬኗ በጭነት መኪና መጣልን። ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው ብል ግን እዋሻለሁ፤ እንግዳ በልቶ ሳይጨርስ ሕመም አይነገርም ብላ ያሳደገችን እናታችን ናት። አሁን ከጓሮ እንሰት ሥር ቁጭ ብላ፣ «አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ» እያለች ትውላለች። ጥፋቱን የሚሸከምልዎ ሰው ከቤታችን ስለተገኘልዎ እንኳን ደስ አለዎት።

፬. በሚቀጥለው ወር የትምህርት ቤታችንን የባልትና ክፍል ሊመርቁ ወደ ሆሳዕና እንደሚመጡ ሰምተናል። ምሳዎን እንድታቀርብ የተመረጠችው ታናሽ እህቴ ገነቴ ናት። ዳይሬክተራችን «የእህቷ ሙያ አላት» ብለው መረጧት፤ አባቴ አይሆንም ቢላቸው፣ እንግዲያው አዳሪ ትምህርት ቤት እንድትገባ የድጋፍ ቃል አልሰጣትም አሉት። አባቴም ሳይወድ እሺ ብሎ ተመለሰ። ገነቴ ግን ዓለሚቱ ነጥብ ያጣችው በፈገግታ መሆኑን ከትርፌ ስለሰማች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትሪ ላይ ድንጋይ ጭና በመስኮቱ መስተዋት ፊት ፈገግ ማለት ትለማመዳለች። «ማቴዎስ፣ እንዲህ ይበቃል?» ስትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት፣ ዕውቀቱ ስላለዎት ቢነግሩኝ።

አይምጡ፣ አይብሉ ብዬ አልለምንዎትም፤ ለዚያ የሚሆን ተስፋ የለኝም። የምለምንዎት ማንኪያውን ከማንሳትዎ በፊት ቀና ብለው አይተዋት፣ «አንቺስ ደህና ነሽ?» እንዲሏት፣ መልሷንም እስክትሰጥ እንዲጠብቋት ብቻ ነው። እርስዎ እንደማይጠይቋት፣ እሷም ብትጠየቅ «ደህና ነኝ» እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ የሚያስገባኝ ባይኖርም በር ላይ ቆሜ ፊቷን እያየሁ እጠብቃለሁ።

የቀረበልዎ ሁሉ እንዲስማማዎ፣ ያስተናገደዎትም ሁሉ እንዲስቅልዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ጀርባ ቆመው የሚያስተናግዱዎትን ሁሉ ወክዬ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የኩሩዋ አስተናጋጅ ወንድም
ማቴዎስ ሽብሩ

ግልባጭ፦
ይህን ወረቀት ከሰሌዳው ነቅለው ለሚወስዱት ሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ማንበብ ስለማትችል ይህን እዚህ ልጽፈው። ለለቅሶ የመጣችውን ትርፌን የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጣፍጧቸው ነበር?» አለቻት። ትርፌ አለቀሰች። እርስዎ ሁለተኛ ሳህን እንዳስጨመሩ፣ ዓለሚቱም ጎኗን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ እንዳመጣችልዎ በኋላ ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ደስ እንዳይላት ፈርቼ ነው።