ያልጋለችው ጥግ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለኛን፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ጽንሱ መራገጥ ጀመረ? ልጅሽ ልየንዬስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ምላሷ እንደወትሮው ነው።

«ለመውለድ እናቴ ቤት ልምጣ፤ አፈሩ ጸዳ ወይ?» ላልሽው ሳላድበሰብስ ልመልስልሽ፤ ገና አልጸዳም። ጥፋቱም የኔ ነው።

ከአሮጌው አየር ማረፊያና ከኩሬያችን ዳር የተዛቀው፣ በጦርነቱ ጊዜ በተከማቸው የቅጠል ማርገፊያ ኬሚካል የተመረዘ አፈር እንደ ትልቅ መጋዘን ተከምሮ፣ በሲሚንቶ ተሸፍኖ፣ በውስጡ በተተከሉ የብረት ዘንጎች በኤሌክትሪክ ይጋላል። መርዙ በእንፋሎት ወጥቶ ማጣሪያው ውስጥ እንዲቀር ሙቀቱ ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት ዲግሪ መድረስ አለበት። መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ሲደርስ የምሥራቁ ጥግ ሁለት መቶ ላይ ቆመ።

ሥራው ሲጀመር እዚያ ጥግ ላይ ለመሬቱ ጠባቂ መንፈስ ዶሮና ሩዝ አቅርበን ነበር። አንዱ ዘንግ ልክ በዚያ ቦታ ላይ ዋለ። እኔም «የጠባቂውን አናት ልትበሱት ነው?» ብዬ ተካዮቹን አስፈራራኋቸውና አንድ ሜትር ተኩል ፈቀቅ አደረጉት። ለማንም አልተናገርንም።

አሁን አንዳንዶቹ «አማካዩ ደርሷል፣ እንዝጋው» ሲሉ አላስችል አለኝ። ለአለቃችን ለጋሽ ሙወይ ሄጄ ተናዘዝኩ። «አንቺ ልጅ፣ ጠባቂው መርዝ ላይ ተቀምጦ ከሚኖር አናቱ ቢበሳ አይሻለውም?» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ዶሮ አስገዝተው ይቅርታ አስጠየቁኝና አዲስ ዘንግ አስተከሉ። ዛሬ ጠዋት ሁለት መቶ ስልሳ ደርሷል። ገና ይቀረናል፤ ቢሆንም ሳይሞላ ማንም አያዘጋኝም።

እትዬ፣ ልየንን ስታረግዢ እንድትበረቺ ብዬ በካርፕ አሳ የሠራሁልሽ የሩዝ አጥሚት፣ አሳው ከዚያው ኩሬ ነበር። እግሮቿ ያልጸኑት በሱ ይሁን በሌላ ሐኪም አልነገረንም። እኔ ግን አንጀቴ ያርራል። ስለዚህ አትምጪ። እማዬ ሐሙስ በባቡር ትነሳለች፤ እዚያው ሆና ታርስሻለች።

ለባለቤትሽ ለቱዋትና ለእናቱ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጋሽ ሙወይም እጅ ነስተዋል። የልየንን ጉልበቶች ሳሚልኝ። ያቺ ጥግ የሞላች ቀን ራሴ መጥቼ በጀርባዬ አዝዬ ወደ ቤቷ አመጣታለሁ።

ታናሽ እህትሽ ሱዎንግ
ታን ላክ መንደር፣ ዶንግ ናይ
ማርች 12 ቀን 2024