ዛኪር ያልወነጨፈው ጠጠር፤ የአቶ ቦጋለ ኃይለየሱስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቦጋለ ኃይለየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለየሱስ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቃሊ ሽብሩ በ1946 ዓ.ም. በጉራጌ አገር ቸሃ ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው አዲስ አበባ መጥተው መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር አጎታቸው ቤት ተቀመጡ። ቀን የአናጢነት ሙያ እየተማሩ፣ በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘለቁ። በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ ባይነሽ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ዘመንፈስቅዱስን፣ ስንዱንና በሪሁንን ወልደዋል።

በ1984 ዓ.ም. ከጎጃም በረንዳ ጀርባ የራሳቸውን የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ። አልጋና ቁምሳጥን ቢሠሩም ስማቸው የተጠራው በላስቲክ ወንጭፍ ነው። ጎረቤታቸው አስመጪው አቶ ጃፋር ዕቃቸው ከውጭ በሳጥን ሲመጣላቸው፣ የሳጥኑን እንጨት በነፃ ይሰጧቸው ነበር። አንዳንዱ እንደ ደም የቀላ፣ አንዳንዱ ከከሰል የጠቆረ፣ ሚስማር እንኳ በግድ የሚበሳው፣ ስሙን የሚያውቅለት የሌለ እንጨት ነበር። አቶ ቦጋለ የእንጨቱን ጅማት አይተው የወንጭፉን ባላ ይቆርጣሉ፤ በሞረድ ያወጡታል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ውኃ አስነክተው ያደርቁታል፤ የእንጨቱ ፀጉር ሲነሣ እንደገና ይፈትጉታል። ከዚያ የተልባ ዘይት አጠጥተው በሰም ሲወለውሉት እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል። ላስቲኩን ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከካላማዳሪያ፣ ይቆርጡታል። ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ ገበሬም፣ ለጌጥ የሚፈልግ የውጭ አገር ሰውም ወንጭፋቸውን ይገዛ ነበር። ሰጋቱራ የተሞላ ጆንያ ሰቅለው ሳይሞክሩ ግን አንድም ወንጭፍ አይሸጡም።

ቀጥሎ ያለው ክፍል እዚህ የገባው በአቶ ቦጋለ በራሳቸው ትእዛዝ ነው። በቤተሰቡ ዘንድ ይነበብ፣ አይነበብ ተብሎ ክርክር ነበር። ወይዘሮ ባይነሽ ግን «ያላሉትን አንጨምር፣ ያሉትን አናስቀር» ስላሉ ይነበባል።

በ1989 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አቶ ቦጋለ አዲስ ወንጭፍ ሲሞክሩ ጆንያውን ለመስቀል ሰነፉ። ወደ አጥሩ ወነጨፉ። ጠጠሩ የብረቱን ምሰሶ መትቶ ወደ መንገዱ ነጠረና በዚያ ታልፍ የነበረችውን የአቶ ጃፋርን ልጅ የሱሀይርን ግራ ዓይን አገኘው። ሱሀይር የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጩኸቷን ሰምተው ሮጠው አቅፈው ሐኪም ቤት ያደረሷት እርሳቸው ናቸው። ዓይኗ ግን አልተረፈም።

ወንጭፉን የሞከረው ማን እንደሆነ ያየ ሰው አልነበረም። የአቶ ጃፋር የወንድም ልጅ ዛኪር ከስልጤ መጥቶ እየተማረ ሱቅ ያግዝ ነበር። አቶ ቦጋለ በስጦታ የሰጡት ወንጭፍ በእጁ ስለነበረ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እርሱ ቀሰረ። አጎቱ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሲያፋጥጡት ዛኪር እያለቀሰ፣ «ወላሂ አጎቴ፣ እኔ አይደለሁም! ከሱቅ አልወጣሁም፤ ጋሼ ቦጋለን ይጠይቋቸው፣ በደጃቸው አላለፍኩም» አለ።

አቶ ጃፋር ዞረው አጠገባቸው የቆሙትን አቶ ቦጋለን አዩ። አቶ ቦጋለ «እኔ ምንም አላየሁም» አሉ።

አጎቱ ስላባረሩት ዛኪር ከትምህርቱ ተነሥቶ በማግስቱ ወደ አገር ቤት በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈረ። አቶ ቦጋለ ሻንጣውን አንሥተው ለረዳቱ ያቀበሉት ራሳቸው ነበሩ።

ከሳምንታት በኋላ የሱሀይር እናት ወይዘሮ ዘሀራ አንድ ሰሐን ተምር ይዘው መጡና፣ «ጋሼ ቦጋለ፣ ያን ቀን እርስዎ ባይደርሱልን ምን ይውጠን ነበር?» ብለው መረቋቸው። አቶ ቦጋለ ተምሩን መቅመስ አልቻሉም። ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ሁሉንም ተናገሩ። ወይዘሮ ባይነሽም ነጠላቸውን አንሥተው «ተነሡ፤ አብረን እንሄዳለን» አሏቸው።

አቶ ጃፋር እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። ከዚያ፣ «የልጄስ ዓይን እጅህ አምልጦህ ነው፤ የአላህ ነገር ነው እላለሁ። ልጁን ሳባርረው ግን አጠገቤ ቆመህ ነበር፣ ቦጋለ» አሉ።

ወዲያው ዛኪር እንዲመለስ መልእክት ተላከ። ነገር ግን ዛኪር በሰው ዓይን መታየት አቅቶት በጅቡቲ በኩል ከአገር ወጥቶ ሄዶ ነበር። አባቱም በነገሩ አዝነው ልጃቸውን ሳያዩ አረፉ። አቶ ቦጋለ ስልጤ ድረስ ወርደው ለቅሶ ሲደርሱ ደፍሮ የወቀሳቸው አልነበረም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ከበዳቸው።

ከዚያ ወዲያ ወንጭፍ አልሠሩም። አቶ ጃፋር ከጊዜ በኋላ ታርቀዋቸዋል፤ ሱሀይርም አድጋ የፋርማሲ ባለሙያ ሆና ትጠይቃቸው ነበር። እርሳቸው ግን ስትመጣ የሚያዩበት ይጠፋቸው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ዛኪር ጅዳ እንዳለ ተሰማና አቶ ጃፋር በስልክ አገናኟቸው። አቶ ቦጋለ ይቅርታ ሲለምኑ ዛኪር ሰማቸውና፣ «ጋሼ፣ ያኔ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲሰማ ነበር የሚነገረው። አሁን ለእኔ ቢነግሩኝ እኔ መች አጣሁት?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ደግመው ቢደውሉም አላነሣም።

አቶ ቦጋለ በስኳር በሽታና ኋላም በኩላሊት ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው አርፈዋል። ሊያርፉ ሲቃረቡ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «በሕይወት እያለሁ በአደባባይ ለመናገር ፈራሁ። መርካቶ ለቀብሬ ሲሰበሰብ ንገሩልኝ» አሉ።

ስለዚህ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት እንናገራለን፦ የሱሀይርን ዓይን ያጠፋው ዛኪር አይደለም። አባታችን ናቸው። ዛኪር እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ሐሰት የተናገሩት አባታችን ናቸው። ከዚህ ስትመለሱ፣ ያን ጊዜ የዛኪርን ስም በክፉ ያነሣችሁበት ቤት ካለ ገብታችሁ አቃኑልን።

አቶ ቦጋለ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ላልተለዩን ለአቶ ጃፋር ቤተሰብ፣ ለእድራችንና ለጎረቤቶቻችን ምስጋናችን ከልብ ነው። እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ዛኪርንም ባለበት ይጠብቅልን። አሜን።