መርዶ የመሰለኝ ማለዳ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ለእማዬ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ እንደ አምናው አሰቃየሽ ወይስ የላክሁልሽ ቅባት ረዳሽ? ሰብሉስ በሰላም ገባ? ማህደርስ ደህና ናት? ይበልጣልስ? አባዬስ? እማዬ፣ አባዬስ? እኔ አካሌ ደህና ነው፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ይህንን እንኳ የምጽፈው እዚህ ላንቴ ጤና ጣቢያው ውስጥ በሕመምተኛና በሕመምተኛ መካከል ነው፤ ስንቴ ተነስቼ እንደተቀመጥሁ አላውቀውም።

ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውይ ስለ ጤፉ ነገርሽኝ፤ ስለ ማህደር እጮኛ ነገርሽኝ፤ ከዚያ "ደግሞ አባትሽ" ብለሽ ድምፅሽ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ይኸው እናንተ ጋ ኔትወርክ የለም፣ መንገዱም ተዘግቷል ይሉኛል። "ደግሞ አባትሽ" ምን? ታመመ? ናፈቀሽ? ከጎረቤት ተጣላ? ጠዋት ላይ "ደግሞ አባትሽ አዲስ ጫማ ገዛ" እላለሁ ለራሴ፤ ከሰዓት በኋላ ግን የምለውን አልጽፍልሽም። አትቆጪኝ። የአያቴን ሞት ፈተናዬን እስክጨርስ የደበቃችሁኝ እናንተ አይደላችሁም? "ትንሽ አሟት ነው" እያላችሁ ሰልስቷ ወጥቶ ነበር። ሩቅ ላለ ሰው መደበቅ ደንባችን ነው፤ ለዚህ ነው ዝምታችሁ የሚያስፈራኝ።

እዚህ ደግሞ ሳቁባት ሲለኝ፣ የወሩ የጤና ትምህርት ርእስ "ጭንቀትን በቀላሉ መቋቋም" ሆኖ ለእኔ ደረሰኝ። በየማለዳው ወረፋ በሚጠብቁት ሰዎች ፊት ቆሜ በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ በእግር ሂዱ፣ ስልክ አታብዙ፣ የልባችሁን ለምታምኑት ሰው አጫውቱ እላለሁ። አንድ ቀን አተነፋፈሱን ሳሳያቸው ልጅ ያዘለች የላንቴ እናት፣ ሲስተር፣ አንቺ እኮ ትከሻሽ ጆሮሽ ጋ ደርሷል፣ አየሩም አልወጣ አለሽ አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ይባስ ብዬ ከቲጂ ጋር ተጣላሁ። ቲጂ አዋላጃችን ናት፣ የዚሁ አገር የኦቾሎ ልጅ፣ እዚህ ስመጣ ቤት የፈለገችልኝ እሷ ነበረች። ስልኬን ኔትወርክ ይሻላል ብዬ መስኮቱ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ዝናብ ሊመታው ሲል አንስታ መሳቢያ ውስጥ አስገባችልኝ። እኔ ደግሞ እናቴ በዚያ ሰዓት ደውላ ቢሆንስ ብዬ በሰው ፊት አፌን ለቀቅሁባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታም የለን፤ አንድ ክፍል ውስጥ እየሠራን ጓንት በሌላ ሰው እንቀባበል ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ማህደር፣ እህቴ፣ ይህን ለእማዬ ስታነቢላት አባዬ አጠገባችሁ ካለ ዝለዪውና በኋላ ብቻዋን አንብቢላት። አጠገባችሁ ካለ ማለቴ ነው።

ባለፈው እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ሕዝቅኤልን፣ የሰፈሩን ትልቅ ሽማግሌ፣ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር አየኋቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዝም ብለው ቆመዋል። እማዬ፣ በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ምን ሆናችሁ ብዬ ሳልጠይቅ "አባዬን! አባዬን!" ብዬ ደረቴን እየደቃሁ ወደቅሁ።

አከራዬ እትዬ ስመኝ ነጠላቸውን እየጎተቱ እያለቀሱ ወጡ፤ እሳቸውን ተከትሎ ሰፈሩ ወጣ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔ አባዬ ስል ሰምተው ሁሉም አባዬ አሉ። አባዬን አንድ ቀን ያላዩት ሴቶች ስሙን እየጠየቁኝ በስሙ አለቀሱለት። የእድሩ ወንበርና ድንኳን መጣ፤ የበቆሎ ንፍሮ ተጣደ። ቲጂም ሮጣ መጥታ አንገቴን አቅፋ፣ እኔን እህትሽን እያለች ከእኔ ብሳ ታለቅስ ነበር። ሽማግሌዎቹም እያለቀሱ ተቀመጡ።

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው አቶ ሕዝቅኤል ወደ እትዬ ስመኝ ጠጋ ብለው፣ ለመሆኑ መርዶውን ማን አመጣላት ብለው የጠየቁት። እሳቸውም፣ እናንተ አይደላችሁም እንዴ አሏቸው። ለካ ሽማግሌዎቹ የመጡት ከቲጂ ጋር ሊያስታርቁኝ ነበር። በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ለእርቅ ከለመነ እምቢ ማለት ትልቅ ነውር ነው፤ ሳሩ ጋቢያቸው ስር ነበር፣ እኔ የት አይቼው። እነሱ ደግሞ ለቅሶዬን ሲያዩ ሌሊት ወሬ ደርሷት ነው ብለው እርቁን ትተው ለቅሶ ተቀመጡ። አቶ ሕዝቅኤል ሳሩን አውጥተው፣ ልጄ፣ እኛ የአባትሽን ነገር አናውቅም፣ የመጣነው ለዚህ ነበር፣ አሁን ግን ምን ቀረ አሉ። እኔና ቲጂ እንደተቃቀፍን ነበርን። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ንፍሮውም የእርቅ ሆኖ ተበላ።

ከዚያ በኋላ ተኛሁ፣ እማዬ። ስልክሽ ከተቋረጠ ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ አልተኛሁም። ስነሳ ግን ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፤ በሕይወት ላለ አባት አልቅሼ ሟርተኛ ሆንሁ እንዴ አልሁ። እትዬ ስመኝ፣ እንባ ሰው አይገድልም፣ ይልቅ ነይ የሽፈራው ቅጠል ሸምጥጪልኝ አሉኝ። እዚህ በየቤቱ ይበላል፤ ቅጠሉን ከዘንጉ መለየት እጅን ሥራ ያስይዛል። አሁን ከሥራ ስወጣ ቲጂ በሙዝ እርሻው በኩል በእግር ታደርሰኛለች፤ ወሬዋ ማለቂያ የለውም፣ ይህም ደግ ነው። ከለቅሶው ማግስት በጤና ትምህርቱ ላይ ማልቀስም ይረዳል ብዬ ጨመርሁ፤ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን የለም። ተሻለኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የሌላ ሰውም ቢሆን፣ ከወንበሬ እነሳለሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ጋሻዬ ነው፤ ከላንቴ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ከዚያ መንገዱ ሲከፈት ወደ አገራችን ጋይንት ለሚሄድ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል። መልሱንም በእሱ በኩል ላኩልኝ።

ይበልጣልን ሳሚልኝ፤ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ። ማህደርን ከነእጮኛዋ ሰላም በይልኝ፤ ሠርጉን ያለኔ እንዳታስቡት። እትዬ አገኘሽንና ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ የንስሐ አባታችንን በጸሎት ያስቡኝ በይልኝ።

አባዬን ደግሞ ጉልበቱን ሳሚልኝ። ደህና ነው ብላችሁ ብትጽፉልኝ አላምናችሁም፣ አውቃችኋለሁ። ራሱ በእጁ ይጻፍልኝ፤ ዓይኑ ደክሞ ከሆነ ስሜን ብቻ ይጻፍ፣ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። መጻፍ የማይችል ከሆነ ግን፣ ማህደር፣ አደራሽን በእሱ ፈንታ እንዳትጽፊ። ባዶ ወረቀት አጥፋችሁ ላኩልኝ፣ ይገባኛል። እንዴት ትሆናለች ብላችሁ አትፍሩ፤ እዚህ አብረውኝ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉኝ።

ልጅሽ ሊሻን

ላንቴ፣ አርባ ምንጭ አጠገብ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.