የድርጅትዎ ሠራተኛ መሆኔን ከሰው ስልክ ላይ ስላነበብሁበት ጠዋት

ለክቡር አቶ ብሩክ
የርቱዕ የርቀት ቅጥር ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በፍጹም ጤና፣ የኢንተርኔት መስመርዎንም ሳይቆራረጥ እንዲያገኛችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር፣ ከልብ እመኛለሁ። ሥርጉት እባላለሁ። እዚሁ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ለዓመታት ሠርቼ፣ እናቴ እናትዓለም ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሥራዬን ትቼ አጠገባቸው የተቀመጥሁ ሴት ነኝ። ቤቱ ሆኖ የሚሠራ የቅጥር ባለሙያ እንደምትፈልጉ ማስታወቂያችሁን ባየሁ ጊዜ እግዜር በሩን የከፈተልኝ መሰለኝ፤ እናቴን የሚያነሣና የሚያስተኛ ሌላ ሰው የለኝምና። ያደረጋችሁልኝ ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ቃለ መጠይቁ አመሰግናለሁ። እርስዎ ካሜራዎን ዘግተው በድምፅ ብቻ ተገኝተው ሳለ የእኔን ቤት ግን ከጥግ እስከ ጥግ ለማየት ፈቀዱ። ስልኬን ሳዞር እናቴ አልጋቸው ላይ ታዩ። እንግዳ የመጣ መስሏቸው፣ «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፣ ግቡ እንጂ» አሉ። ረዳትዎ ወይዘሪት መሲ ሳቀች። እርስዎ አልሳቁም፤ «እኛ የምንፈልገው ጸጥ ያለ የሥራ ቦታ ነው» አሉ እንጂ። እናቴ ይህን ሰሙ። «ልጄ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ፤ ከእንግዲህ አልናገርም» አሉኝ። አዞርኋቸው። የቀረውን ጥያቄ ሁሉ የመለስሁት ጀርባቸውን እያየሁ ነው። ጫና ሲበዛብኝ እንዴት እንደምሠራ የጠየቁኝም ልክ በዚያች ሰዓት ስለነበር፣ ጥያቄን በቦታው የማዋል ችሎታዎን አደንቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እናቴ ሳይነገራቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሁለተኛ፤ «ተግባራዊ ፈተና» ብላችሁ ስለ ሰጣችሁኝ ሥራ አመሰግናለሁ። የሥራ ፈላጊዎችን ስምና ስልክ ልካችሁልኝ፣ እዚሁ ከተማ ላለ አንድ የእህል መጋዘን ንብረት ጠባቂ መርጬ እንዳቀርብ አዘዛችሁኝ። ፈተና ነው ብዬ አላቃለልሁትም፤ ከሁሉም ጋር በወጉ ተነጋገርሁ። ልቤ ያረፈው ባምላክ በሚባል፣ ከጣና ማዶ በደልጊ በሚኖር ሰው ላይ ነበር። በአንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ይሠራል፤ ሚስቱ ወለላ ነፍሰ ጡር ናት፤ የፊተኛው ፅንስ ስለ ጨነገፈባቸው፣ መውለጃዋ ሳይደርስ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ሊያመጣት ይፈልጋል። «እህቴ፣ ያለሁበትን ልልቀቅ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ደብዳቤው እጅህ ሳይገባ እንዳትለቅ» አልሁት። ሪፖርቴንም ላክሁ። ከዚያ በኋላ ከእናንተ የመጣልኝ ዝምታ ብቻ ነው። ብጽፍ መልስ የለም፤ ብደውል የሚያነሣ የለም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰጡኝ ሹመት እጅ እነሣለሁ። አንድ ጠዋት ባምላክ ደወለ። «እህት ሥርጉት፣ በደኅና ገብቻለሁ። ወደቡ በር ላይ ነኝ፤ ቢሮው በየት በኩል ነው?» አለኝ። እናቴን ለጎረቤቴ ለማህሌት አደራ ብዬ ሮጥሁ። ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጡ ሰዎች ዕቃቸውን እያወረዱ ነበር፤ እሱ በመካከላቸው ፍራሹን ጠቅልሎ ቆሟል። ቢሮ እንደሌለ፣ እኔም ፈተና ላይ ያለሁ ሥራ ፈላጊ እንደሆንሁ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ስልኩን አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «እንኳን ደስ አለህ፤ ተቀጥረሃል። ሰኞ ባሕር ዳር ተገኝ። ሥርጉት፣ የቅጥር ባለሙያ» ይላል። የተላከው ከእናንተ ቁጥር ነው።

ክቡርነትዎ፣ የድርጅትዎ ባለሙያ መሆኔን ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው።

«አንቺው አትልቀቅ ብለሽ፣ አንቺው ና ብለሽ ጻፍሽልኝ! ማኅበሩ በቦታዬ ሰው አስገብቷል፤ ለወለላ ምን ብዬ ልንገራት?» እያለ ጮኸ። ሰው ከበበን። ከኋላዬ አንዱ፣ «አጭበርባሪ ናት፣ ያዟት!» አለ። አንዲት ሴትዮም የነጠላዬን ጫፍ ጨብጣ አለቅም አለች። የእኔን ስልክ ስለማታነሡ፣ መልእክቱ ወደ መጣበት ቁጥር በእሱ ስልክ ደውሎ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ለመንሁት። ወይዘሪት መሲ ወዲያው አነሣች።

«ሥርጉት የምትባል ሠራተኛችሁ ናት የቀጠረችኝ» አላት።

«በዚህ ስም የምትጠራ ሠራተኛ የለችንም» አለችና ዘጋችው።

ወይዘሪት መሲን ስለዚህች ቃል ከልብ አመሰግናታለሁ፤ ከሕዝቡ እጅ ያዳነችኝ እሷ ናትና። መልእክቱን የላከው ቁጥር ራሱ ሲክድ ሁሉም ስለ ሰማ፣ ሴትዮዋ ነጠላዬን ለቀቀች። ባምላክ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለ። «ለካ አንቺም እንደኔው ነሽ» አለኝ።

አራተኛ፤ ከደንበኞችዎ ጋር ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ። ከወደቡ ተነሥተን በቀጥታ ወደ እህል መጋዘኑ ሄድን። የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ አገርነሽ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። «ባለሙያዎቻችን እያጣሩ ነው እያሉ ሲያስጠብቁን ከረሙ። ለካ ባለሙያ የሚሉት እናንተን ሥራ ፈላጊዎቹን ነው!» አሉ። ባምላክ የተመረጠበትን ቦታ የመጋዘኑ ዋና መሥሪያ ቤት መጠበቅ ታክቶት አጥፎታል። ወይዘሮ አገርነሽ የነበራቸው የጫኝና አውራጅ ተቆጣጣሪነት ብቻ ነበር፤ እሱም በጊዜያዊነት። ባምላክ ጥቂት አሰበና ተቀበለ። ያን ዕለት እዚያው ለወለላ ሲደውል አጠገቡ ነበርሁ፤ «ሥራው አለ፤ ትንሽ ተለወጠ እንጂ አለ» አላት። ይኸው እስከዛሬ ሊያመጣት አልቻለም፤ የመውለጃዋ ቀን ግን እየቀረበ ነው። እኔም ሥራ የለኝም። ከእኔ ቀደም ብላ በጎንደር ይህንኑ «ፈተና» የተፈተነች ሊድያ የምትባል ልጅ አግኝቻለሁ፤ በእሷም ስም ሰው እንደተጠራ ገና እየሰማች ነው።

ስለዚህ ሥራ የሚበዛበትን ጊዜዎን ሳልሻማ ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። ስሜን ከመልእክቶቻችሁ ግርጌ ያንሡልኝ። ለባምላክም በራስዎ ስም፣ በራስዎ ፊርማ፣ የሆነውን ይጻፉለት፤ ማኅበሩ እንዲመልሰው የሚለምንበት ወረቀት እንኳ በእጁ የለውም።

ድምፅዎን ብቻ ለመስማት የታደልሁ፣ ሳልቀጠር የተሾምሁ፣ ሳልሾም የተሻርሁ፣ ለክቡርነትዎ መልካም የሥራ ዘመን የምመኝ፣

ሥርጉት
ከባሕር ዳር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ከድርጅትዎ መልእክት ደረሰኝ፤ ወደ ሁለተኛው ተግባራዊ ፈተና ማለፌን የሚያበሥር፣ የምደውልላቸውን አዳዲስ ሰዎች ስም የያዘ። ትእዛዝዎን አክብሬ አንድም ሳላስቀር ለሁሉም ደወልሁላቸው፤ የሆነውንም ከእነ ስምዎ ነገርኋቸው። ቃለ ሕይወት የተባለው የቆላ ድባ ሰው የሥራ መልቀቂያውን ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር፤ ሲቀደው በስልኩ ውስጥ ሰማሁ። ውጤቴን በሚመችዎ ጊዜ ያሳውቁኝ።